ጉርሻው ከማን መሶብ ነው?

ሰሞኑን በአንድ የአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ ስለ ካፒታል ገበያ በተጠራ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ሻይ ቡናው ተስማምቶኛል፤ ንግግሩ ግን አልተስማማኝም። ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ በውጭ ሀገር በፋይናንስ ሙያ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰው፣ አዲሶቹ የኢንቨስትመንት ባንኮቻችን ለሠራተኞቻቸው ምን ያህል ሊከፍሉ እንደሚገባ ተጠይቀው ያለ አንዳች ማመንታት «ተሰጥኦ ዋጋ አለው። ዋጋውን የሚተምነው ደግሞ ገበያው ነው። ኒውዮርክና ለንደን እንደሚከፍሉት መክፈል ነው» ሲሉ መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከልማድ የተነሣ አጨብጭቤአለሁ። ይህን የምጽፈው ያን ጭብጨባ መልሼ ለመውሰድ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ ጻፈልኝ። ሁለተኛ ዲግሪውን እዚያ በማጠናቀቅ ላይ ነው። «ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ?» ብሎ ጀምሮ፣ ስለ ቤተሰብ ጠይቆ፣ በኒውዮርክ ለሚገኝ አንድ ስመ ጥር የኢንቨስትመንት ባንክ ማመልከቻ ማስገባቱንና የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት መሻቱን አስረዳኝ። ይህ ልጅ ካስተማርኳቸው ሁሉ በሒሳብ ችሎታው ከፊተኛው ረድፍ የሚቀመጥ ነው፤ የሦስት ሰዓት ፈተና በአንድ ሰዓት ጨርሶ የቀረውን ጊዜ እኔ ባወጣሁት ጥያቄ ውስጥ ያለውን ስሕተት በማረም ያሳለፈ ልጅ ነው። የመልእክቱ መደምደሚያ የአዳራሹን ሰው ንግግር በሌላ ቃል የደገመ ነበር፦ «ችሎታ በእውነት የሚከበርበት ቦታ እርሱ ይመስለኛል።»

ይመስላል። ግን ነውን?

ከክርክሩ በፊት ቁጥሩን እናስቀድም። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ በዋል ስትሪት ትልልቅ ባንኮች «አናሊስት» ተብሎ የሚቀጠር ወጣት መነሻ ደመወዙ እስከ 2021 ድረስ በዓመት 85,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጄፒ ሞርጋን ወደ 100,000፣ ጎልድማን ሳክስ ደግሞ ወደ 110,000 ዶላር ከፍ አደረጉት። ቦነሱ ከዚህ በላይ ነው። አናሊስቱ ሲሳካለት አሶሺዬት፣ ቀጥሎ ቫይስ ፕሬዚዳንት፣ ከዚያ ዳይሬክተር፣ በመጨረሻም ማኔጂንግ ዳይሬክተር ይሆናል። በየእርከኑ ደመወዙ በእግሩ ሲራመድ ቦነሱ በፈረስ ይጋልባል። (በነገራችን ላይ «ቫይስ ፕሬዚዳንት» የሚለው ማዕረግ አያስደንግጣችሁ። በእኛ ሀገር የባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሾፌርና ጸሐፊ ያለው ትልቅ ሰው ነው፤ እዚያ ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች በሺዎች የሚሸከሙት ስም ነው።) የኒውዮርክ ግዛት የሒሳብ ተቆጣጣሪ ባወጣው ግምት መሠረት በ2024 በከተማዪቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ዘርፍ ለአንድ ሠራተኛ የደረሰው አማካይ ቦነስ 244,700 ዶላር ነው። ልብ በሉ፤ ደመወዝን አይጨምርም፣ ቦነስ ብቻ ነው።

ታዲያ በር ላይ የሚጋፋው ብዙ ቢሆን ማን ይፈርዳል? በ2024 ለጎልድማን ሳክስ የበጋ ልምምድ ከ315,000 በላይ ወጣቶች አመልክተው የተቀበሉት መቶኛቸውን እንኳ አልሞሉም።

ገብተው የሚያገኙትን ደግሞ ራሳቸው ነግረውናል። በ2021 መጀመሪያ በዚያው ባንክ የነበሩ 13 የመጀመሪያ ዓመት አናሊስቶች እርስ በርሳቸው ተጠያይቀው ያዘጋጁት ጽሑፍ አፈትልኮ ወጣ፤ በአማካይ በሳምንት 95 ሰዓት ይሠሩ፣ በቀን 5 ሰዓት ይተኙ ነበር። ቀላል ሒሳብ እናስላ፦ 95 ሰዓት በዓመት በ50 ሳምንት ሲባዛ 4,750 ሰዓት ነው፤ 110,000 ዶላሩን ለዚህ ብናካፍለው ከቦነስ በፊት ለሰዓት 23 ዶላር ይደርሳል። በ2013 በለንደን አንድ የ21 ዓመት ጀርመናዊ ተለማማጅ በመኖሪያው ሞቶ ተገኘ፤ ምርመራው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አረጋገጠ፤ ድካሙ በሽታውን ቀስቅሶት ሊሆን እንደሚችልም መርማሪው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተባለ፣ ብዙ ቃል ተገባ። በ2024 ጄፒ ሞርጋን የጀማሪዎቹን የሥራ ሰዓት ገደበ፦ በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ! ሰማንያ ሰዓት እንደ ምሕረት የሚቆጠርበት ቤት ማለት ይህ ነው።

ይሁንና የእኔ ሙግት ከወጣቶቹ ድካም ጋር አይደለም። የእኛ እናቶች ከዚህ የባሰ ይደክማሉ፤ ማንም ቦነስ አይሰጣቸውም። ሙግቴ «ተሰጥኦ ዋጋ አለው» ከሚለው አባባል ጋር ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የተሰጥኦ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ተሰጥኦው ሲጨምር በጨመረ፣ ሲቀንስ በቀነሰ ነበር። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ቶማስ ፊሊፖንና አሪየል ረሼፍ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የአሜሪካን የፋይናንስ ዘርፍ ደመወዝ ከ1909 እስከ 2006 ድረስ መርምረው በ2012 ባሳተሙት ጥናት አንድ ቅርጽ አሳዩን፦ በ1920ዎቹ የባንክ ሰው ክፍያ ከሌላው ሠራተኛ እጅግ የላቀ ነበር፤ ከታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ ጥብቅ ሕግ ሲወጣ ወረደ፤ ከ1980 ወዲህ ሕጉ ሲላላ እንደገና ወጣ። በትምህርት ደረጃ የሚመሳሰሉ ሰዎች እስከ 1990 ድረስ በፋይናንስም ሆነ በሌላው ዘርፍ ተቀራራቢ ክፍያ ያገኙ ነበር፤ በ2006 ግን የፋይናንሱ ሰው በአማካይ በ50 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከልዩነቱ ውስጥም ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በችሎታም ሆነ በሥራ ዋስትና ማጣት የማይገለጽ ትርፍ መሆኑን አስልተዋል። የሰው ልጅ አእምሮ በ1935 ደንዝዞ በ1985 እንደገና አልነቃም። የተለወጠው ሕጉ ነው።

ሌላም ልጨምር። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲሸጥ አሻሻጩ ባንክ ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል። ብዙ ባንኮች በሚፎካከሩበት ገበያ ይህ ድርሻ አንዱ ጋ ስድስት፣ ሌላው ጋ አራት ተኩል ይሆናል ብሎ መጠበቅ የመጀመሪያ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚያደርገው ነው። ሱዋን ቼንና ጄይ ሪተር በ2000 እንዳሳዩት ግን፣ በአሜሪካ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ20 እስከ 80 ሚሊዮን ዶላር በተሰበሰበባቸው ሽያጮች ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት ላይ ድርሻው ልክ 7 በመቶ ነበር። 6.8 አይደለም፣ 7.1 አይደለም፤ ሰባት። ዋጋውን ገበያው የሚተምን ከሆነ፣ ገበያው አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው ማለት ነው። የመርካቶ ነጋዴዎች እንዲህ በአንድ ዋጋ ቢያድሩ ንግድ ቢሮው ምን ይላቸው ነበር?

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የዋል ስትሪት ታላላቅ ቤቶች ለረጅም ዘመን የሽርክና ማኅበራት ነበሩ። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እስከ 1970 ድረስ አባል ድርጅቶቹ ለሕዝብ አክሲዮን እንዲሸጡ አይፈቅድም ነበር። በባንኩ ካዝና የተቀመጠው የሸሪኮቹ የገዛ ሀብት ነው፤ ባንኩ ቢከስር የሚሸጠው የእነርሱ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያበድረውንና የሚገዛውን ሁለት ጊዜ ያያል። ሜሪል ሊንች በ1971፣ ቤር ስተርንስ በ1985፣ ሞርጋን ስታንሊ በ1986፣ በመጨረሻም ጎልድማን ሳክስ በ1999 አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ሸጡ። ከዚህ በኋላ ካዝናው የሌላ ሰው ሆነ፤ ቦነሱ ግን የእነርሱ ሆኖ ቀረ። ሌማን ብራዘርስ በ2007 መጨረሻ ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር የራሱ ካፒታል 30 ዶላር ገደማ ንብረት ተሸክሞ ነበር፤ ንብረቱ ዋጋው በመቶ ሦስት ተኩል እንኳ ቢወርድ ካፒታሉ ድራሹ ይጠፋል። ከገዛ ኪሱ የሚከፍል ሰው በእንዲህ ያለ ገመድ ላይ ይራመዳልን?

እዚህ ላይ የእኛን የድሮ ብሂል አስታውሱ፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። ይህን ተረት የኋላ ቀርነታችን ምልክት አድርገን በየጉባኤው እናወግዘዋለን። ዋል ስትሪት ግን በውል ጽፎ የክፍያ ሥርዓት አድርጎታል። ቦነስ የሚሰላው በዓመቱ ነው፤ የተሸጠው ሰነድ የሚፈተነው በአምስተኛው ወይም በአሥረኛው ዓመት ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የመብያ ጊዜ ነው። የሲቲግሩፕ መሪ የነበሩት ቻክ ፕሪንስ በ2007 ሐምሌ ወር ለጋዜጠኛ ሲናገሩ፣ ሙዚቃው እስካላቆመ ድረስ ተነሥቶ መጨፈር ግድ ነው አሉ፤ በኅዳር ሥልጣን ለቀቁ። የሜሪል ሊንቹ ስታን ኦኒል በ2007 ጥቅምት ሲሰናበቱ ይዘውት የሄዱት 161 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ሉሺያን ቤብቸክ የተባሉት የሐርቫርድ የሕግ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ከ2000 እስከ 2008 ባለው ጊዜ የቤር ስተርንስ አምስት ከፍተኛ ሹማምንት በቦነስና በአክሲዮን ሽያጭ 1.4 ቢሊዮን ዶላር፣ የሌማን ብራዘርስ አምስቱ 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል በእጃቸው ማስገባታቸውን ቆጥረው አሳይተዋል። ሁለቱም ባንኮች በ2008 ከምድረ ገጽ ጠፍተዋል። ባንኩ ሞተ፤ የባንኩ ሰዎች ኖሩ።

የቀረውን የከፈለው ሕዝብ ነው። የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አንድሩ ኩሞ በ2009 ሐምሌ ያወጡት ዘገባ እንዲህ ይላል፦ የመንግሥት የነፍስ አድን ገንዘብ መጀመሪያ የተቀበሉት ዘጠኝ ባንኮች በ2008 በድምሩ 81 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሰሩ፤ ከመንግሥት 175 ቢሊዮን ዶላር ወሰዱ፤ በዚያው ዓመት 32.6 ቢሊዮን ዶላር ቦነስ አከፋፈሉ። አንድ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የደረሳቸው ሰዎች 4,793 ነበሩ። ሜሪል ሊንች ብቻውን ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ 3.6 ቢሊዮን ቦነስ ሰጥቷል። እባካችሁ፣ ይህን «የተሰጥኦ ዋጋ» የሚል ሰው ካለ የተሰጥኦውን ዓይነት ይንገረን።

ቦነስን በአማርኛ «ጉርሻ» የሚሉት አሉ። እኔ ይህ ትርጉም አይዋጥልኝም። በእኛ ባህል አጉራሹ ከገዛ መሶቡ ቆርሶ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ነው የሚያጎርሰው፤ ጎራሹም ማን እንዳጎረሰው ያውቃል፣ ብድሩንም ይመልሳል። ራሱን ከጎረቤት መሶብ የሚያጎርስ ሰው ሌላ ስም አለው።

«ምቀኝነት ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ስለ ባንክ ደመወዝ ሲጽፍ አንባቢ ወዲያው ወደ ጸሐፊው ኪስ ይመለከታል፤ የኪሴን ነገር አንባቢዎቼ ስለምታውቁት አላሰለቻችሁም። ምቀኝነት የለብኝም ብዬ አልምልም። ነገር ግን ምቀኛም ቢሆን መደመር መቀነስ ይችላል። ደግሞስ በታዋቂ እግር ኳስ ተጫዋች ወይም በጥሩ የልብ ቀዶ ሐኪም ገቢ ላይ ለምን አልጽፍም? ተጫዋቹ ጎል ሲስት ኪሳራው ለተመልካቹ አይታደልም፤ ሐኪሙም የዛሬ አምስት ዓመት የሚሞት በሽተኛ ዛሬ «ድኗል» ብሎ ሽልማት አይቀበልም። ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ነው፦ ትርፉ የግል፣ ኪሳራው የጋራ።

የኢንቨስትመንት ባንክ ሥራ ከንቱ ነው ማለቴም አይደለም። ፋብሪካ የሚተክል ሰው ካፒታል ይሻል፤ ቆጣቢ ሰው ገንዘቡን የሚያውልበት ይሻል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ብልህ ደላላ ያስፈልጋል፣ ብልህ ደላላም በደህና ይከፈለው። በዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊቱን እያነጋ ያሳደገው የአባት ልጅ በሁለት ዓመት ደመወዝ የአባቱን የቤት ዕዳ ቢዘጋ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የምወቅሰው? ለዚያ ልጅ የምነግረው ሌላ ነገር አለ፦ እርከኑ እንደሚመስለው ረጅም አይደለም። ጎልድማን ሳክስ በ2000 በኒውዮርክ የአክሲዮን መገበያያ ክፍሉ 600 ነጋዴዎች ነበሩት፤ በ2017 የቀሩት 2 ነበሩ፤ የቀረውን የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው። በ2023 ጥር ያው ባንክ 3,200 ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ። ገበያው ሲሞቅ «ተሰጥኦ» የተባለው ሲቀዘቅዝ «ወጪ» ይባላል።

ይህ ሁሉ የሩቅ ሀገር ወሬ ነው የሚል ካለ ወደ ቤታችን ልመልሰው። በ2014 ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮ ቦንድ ተበደረች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ ጊዜው አሥር ዓመት። ሽያጩን የመሩት ዶይቸ ባንክና ጄፒ ሞርጋን ነበሩ። ሁሉም ነገር በሕጉ መሠረት ነው የተካሄደው፤ በማንም ላይ ክስ አላቀርብም። በ2023 ታኅሣሥ ግን ሀገሪቱ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በወቅቱ ሳትከፍል ቀረች፣ ዕዳ መክፈል ካቃታቸው ሀገሮች ተርታም ገባች። ቦንዱ የታመመው በዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የአሻሻጮቹ ዋጋ ግን የተከፈለው በሽያጩ ጊዜ ነው። የዚያን ዓመት ቦነስ የበላ ሰው እስከ 2023 ድረስ ሥራ ቀይሮ፣ ልጅ ድሮ፣ ጡረታም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ዕዳው የቀረው እኛ ዘንድ ነው።

አሁን ደግሞ የራሳችን ተወልደዋል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የተቋቋመው ባለሥልጣን ለሲቢኢ ካፒታልና ለወጋገን ካፒታል የመጀመሪያዎቹን የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃዶች ሰጥቷል፤ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በዚህ ደስ ብሎኛል፤ እሰየው ብያለሁ። ነገር ግን በባንክ ኪሳራ ጊዜ የሚከፍለው ማን እንደሆነ እኛም እናውቃለን፤ የመንግሥት ድርጅቶች ሳይከፍሉት የቀረውን ብድር ከንግድ ባንክ ትከሻ ለማውረድ 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚሆን የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ የተወሰነው ገና በ2024 መጨረሻ ነው። የባንክ ዕዳ በሕዝብ ትከሻ ላይ በሚያርፍበት ሀገር «ኒውዮርክ እንደሚከፍለው መክፈል ነው» የሚል ሰው የኒውዮርክን ገመድ ለገበሬው አንገት እያበጀ ነው።

ለንደን እንደምትከፍለው ይሁን ከተባለ ደግሞ እሺ፣ ሙሉውን እንቅዳው። በእንግሊዝ ከ2015 ወዲህ ለተሰጠ ቦነስ ተቆጣጣሪው ባወጣው ደንብ መሠረት ጥፋት ቢገኝ ባንኩ እስከ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ከከፍተኛ ባንከኞች ቦነስ ከ40 እስከ 60 በመቶው ለዓመታት ታግዶ ይቆያል። ኅብረቱ ከ2014 ጀምሮ የቦነስ ጣሪያም አኑሯል፤ እንግሊዝ ይህን ጣሪያ በ2023 ጥቅምት አንሥታለች፤ በእኔ እምነት በጣሪያው መነሣት የሚያስለቅስ ነገር የለም፣ ምክንያቱም ባንኮቹ ቦነሱን ቀንሰው ደመወዙን ከፍ በማድረግ ጣሪያውን በጓሮ በር አልፈውታልና። ማገድና ማስመለስ ግን ጥርስ አላቸው። ጎልድማን ሳክስ በማሌዢያው የመንግሥት ፈንድ ቅሌት 2.9 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል በ2020 ሲስማማ፣ ቦርዱ ከነባርና ከቀድሞ ሹማምንቱ 174 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስ ወይም እንዲቀር ወስኗል፤ ከቅጣቱ አንጻር ትንሽ ነው፣ ከዜሮ ግን ይበልጣል። አሜሪካኖቹ በአንጻሩ የ2010 ሕጋቸው ያዘዘውን የባንክ ቦነስ ደንብ ሦስት ጊዜ አርቅቀው አንድም ጊዜ አላጸደቁትም።

ስለዚህ የአዳራሹን ሰው አንድ ነገር ብጠይቃቸው ይወዱ ይሆን? የመጀመሪያው ቦነስ ሳይከፈል፣ ገና ሁሉም ሰው ምሁርና ጨዋ በሆነበት በዚህ ሰዓት፣ የኢንቨስትመንት ባንክ ቦነስ እኩሌታው ለአምስት ዓመት በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ የተሸጠው ሰነድ ከከሸፈና ሻጩ የደበቀው ነገር ካለ እንዲመለስ በመመሪያ ቢጻፍ የትኛው ባለ ተሰጥኦ ነው የሚሸሸን? የሚሸሽ ካለ፣ ባይመጣ የሚሻለን እርሱን ነው። ደንቡ ዛሬ ቢጻፍ የሚቃወም የለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የሚቃወመው ብዙ ገንዘብ ይኖረዋል።

የልጁን ደብዳቤ ጽፌ ልኬለታለሁ። ያለውን ችሎታ ሁሉ ሳልቆጥብ መስክሬአለሁ፤ ፈተናዬን ያረመበትንም ታሪክ ጨምሬአለሁ። ለብቻው በላክሁለት መልእክት ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ‹ጥያቄ አለህ ወይ?› ሲሉህ ይህን ጠይቅልኝ። ዛሬ የምሸጠው ሰነድ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢከሽፍ፣ ከቦነሴ ምን ያህሉን ታስመልሱኛላችሁ?»

ቃለ መጠይቁ በሚቀጥለው ወር ነው። እስካሁን መልስ አልጻፈልኝም።